የጉለሌ እንፋሎትና መዝገቡ፦ ከማገዶ ዘመን እስከ ፍሰት ኮምፒውተር

ጉለሌ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ፣ ስሙንም ከተማይቱ ከመቆርቆሯ አስቀድሞ በአካባቢው ይኖር ከነበረው የጉለሌ ኦሮሞ ጎሳ የወረሰ ክፍለ ከተማ ነው። የአካባቢው ታሪክ ሲነሣ በአብዛኛው የሚወሱት የእንጦጦ አድባራት፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች፣ የባሕር ዛፉ ደንና ማገዶ በጀርባቸው አዝለው ቁልቁለቱን የሚወርዱት ሴቶች ናቸው። ከእነዚህ ጋር ጎን ለጎን የኖረ፣ ነገር ግን እምብዛም ያልተጻፈለት ሌላ ታሪክ አለ፤ እርሱም ውኃ በእሳት ኃይል ወደ እንፋሎት ተለውጦ ሥራ ላይ የዋለበት፣ መጠኑም በመጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በቀለም ብዕር፣ በመጨረሻም በኮምፒውተር እየተመዘገበ የመጣበት ታሪክ ነው። የዚህ ታሪክ ዋና ትምህርት ልክ ከቦታው ተለይቶ እንደማይቆም ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚሠራ ቦይለር፣ ማለትም ውኃን በዝግ ጋን አፍልቶ እንፋሎት የሚያመነጭ ማሞቂያ፣ ልኩ በባሕር ዳርቻ ከተማ ስሌት ከተያዘ፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን መዝገቡ ከእውነቱ ይርቃል።

ማገዶና ከፍታ

ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ እንጦጦ ላይ በከተሙ ጊዜ ቦታው ለመከላከል የተመቸ ቢሆንም ብርዱ የበረታ፣ ማገዶውም የራቀ ነበር። ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ከተራራው ወርደው በፊንፊኔ ፍል ውኃ ይታጠቡ ስለነበር፣ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውኃው አቅራቢያ ቤት ማሠራታቸው ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት ሆነ። ከተማይቱ መጀመሪያ የተገለገለችበት እንፋሎት እንግዲህ ከምድር ውስጥ በራሱ ጊዜ የሚወጣ፣ ማገዶ የማይጠይቅ፣ ማንም ያልለካውና ያልመዘገበው የተፈጥሮ ስጦታ ነበር።

ለምግብ፣ ለቤት ሙቀትና ለግንባታ የሚውለው እንጨት ግን እንደ ፍል ውኃው ያለ ድካም የሚገኝ አልነበረም። የሕዝቡ ቁጥር እያደገ ሲሄድ በዙሪያው የነበረው ሀገር በቀል ደን ተመናመነ፤ የማገዶው እጦት እጅግ ከመክፋቱ የተነሣም እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ጀምረው ነበር። ከተማይቱን ካለችበት እንዳትነቀል ያደረጋት በ1890ዎቹ አጋማሽ ከውጭ የገባውና በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ መሆኑን የታሪክ ጸሐፍት ይስማሙበታል። የእንጦጦ ተዳፋትና የጉለሌ ጓሮዎች በዚህ ዛፍ ተሸፈኑ፤ ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የከተማይቱ ምድጃ የሚነደው ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው በየቀኑ ከተራራው በሚወርዱ ሴቶች ጉልበት ሆነ። የዚያ ዘመን የኃይል መለኪያ ሸክም ነበር፤ ሸክሙም በገበያ ላይ ተሸጦ ያልቃል እንጂ በመዝገብ አይሰፍርም።

የጉለሌ ባለሙያ ሴቶች በመጽሐፍ ሳይሆን በድስት የተማሩት አንድ እውነት ደግሞ አለ፤ ባቄላና ሽምብራ እንጦጦ ላይ ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል። ምክንያቱ የአየር ግፊት ነው። ምድርን የከበበው አየር ከላይ ወደ ታች የሚጫነው ክብደት የአየር ግፊት ይባላል፤ ወደ ከፍታ በተወጣ መጠን ከላይ የሚቀረው አየር ስለሚሳሳ ግፊቱ ይቀንሳል። በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው ግፊት በጉለሌ መንደሮች 75 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው የእንጦጦ ሸንተረር ደግሞ ወደ 70 ይወርዳል። ውኃ የሚፈላው በውስጡ የሚፈጠረው የተን ግፊት ከላይ የሚጫነውን አየር ሲቋቋም በመሆኑ፣ በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውኃ በጉለሌ 92 ዲግሪ ሳይሞላ፣ በእንጦጦ ደግሞ 90 ዲግሪ ላይ ይፈላል። የፈላ ውኃ የቱንም ያህል እሳት ቢጨመርበት ሙቀቱ ከዚያ ስለማያልፍ እህሉ ለመብሰል ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃል። ይህ የወጥ ቤት እውቀት ኋላ በቦይለርና በመለኪያ መሣሪያ ላይም የሚሠራ ሕግ ሆኖ ይመለሳል።

ያልተመዘገበው ባቡር

በሰሜን አዲስ አበባ የእንፋሎት ሞተር ዘመን መግባቱን የሚመሰክረው የመጀመሪያው ማስታወሻ የሰፈር ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ለመንገድ ሥራ የሚያገለግል፣ በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ ከባድ መኪና ወደ አዲስ አበባ አስመጣ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። መኪናው ተሰብሮ የቀረበት ስፍራ፣ ከፒያሳ ወደ ሰሜን በሚያወጣው መንገድ፣ እስከ ዛሬ ሰባራ ባቡር ይባላል። ከዚያ በኋላ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በእንፋሎት የሚሠራ ሎኮሞቲቭ ለከተማይቱ ነዋሪ የዘወትር ትዕይንት ሆነ።

የዚያ ዘመን ሞተረኛ በፊቱ የነበሩት መለኪያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በቦይለሩ ውስጥ ያለውን የውኃ ከፍታ የሚያሳይ የመስታወት ቱቦ ነው፤ ውኃው ከቱቦው ታችኛ ጫፍ ካለፈ የቦይለሩ ብረት ያለ ውኃ ስለሚግል ፍንዳታ ሊከተል ይችላል። ሁለተኛው የግፊት ጌጅ ነው፤ እርሱም ፈረንሳዊው ዩጂን ቡርዶን እ.ኤ.አ. በ1849 የፈለሰፈው፣ የተቆለመመ ጠፍጣፋ ቱቦ ግፊት ሲገባበት ሊቃና ሲሞክር ቀስቱን የሚያዞር መሣሪያ ነው። ሁለቱም የአሁኑን ብቻ ይናገራሉ። ከአንድ ሰዓት በፊት ግፊቱ ስንት እንደነበረ፣ በቀን ውስጥ ምን ያህል እንፋሎት እንደወጣ፣ ለዚያም ምን ያህል እንጨት እንደነደደ የሚያውቀው የሞተረኛው ልቦና ብቻ ነበር። ሰባራ ባቡር የሚለውን ስም ለሰፈሩ ያወረሰው ሞተር ስለ ሥራው የተወው አንድም የልክ ገጽ ሳይታወቅ ስም ብቻ ሆኖ መቅረቱ የዚያ ዘመን ጠባይ ነው።

ፓስተርና የእንፋሎት ሳይንስ

እንፋሎት በጉለሌ ከጉልበትነት አልፎ የሳይንስ መሣሪያ የሆነው በጤና ተቋማት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መባቻ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት በዚሁ አካባቢ ሥራውን ጀመረ፤ ሰፈሩም እስከ ዛሬ ፓስተር ተብሎ ይጠራል። ተቋሙ በ1964 ወደ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ማዕከላዊ ላቦራቶሪና ምርምር ኢንስቲትዩትነት ተለወጠ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሥነ ምግብና ከባህል ሕክምና ምርምር ክፍሎች ጋር ተዋህዶ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለብዙ ዘመን የተዘጋጀው፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሣውን የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ያጠኑት ተመራማሪዎችም የሠሩት በዚህ ተቋም ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ያለ አውቶክላቭ አይታሰብም። አውቶክላቭ የሕክምና ዕቃን፣ የላቦራቶሪ ጠርሙስንና የጀርም ማሳደጊያ ምግብን በግፊት ሥር ባለ እንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳ ዝግ ጋን ሲሆን፣ የሉዊ ፓስተር ተባባሪ የነበረው ቻርልስ ሻምበርላንድ እ.ኤ.አ. በ1879 የሠራው ነው። ተራ ፍል ውኃ የማይገድላቸው ጽኑዕ የባክቴሪያ ስፖሮች በ121 ዲግሪ ሙቀት ለ15 ደቂቃ ያህል ቢቆዩ ይሞታሉ፤ እንፋሎት 121 ዲግሪ የሚደርሰው ደግሞ ፍጹም ግፊቱ 2.05 ባር፣ ማለትም 205 ኪሎ ፓስካል፣ ሲሆን ነው። ፍጹም ግፊት ማለት ምንም አየር ከሌለበት ባዶ ተነሥቶ የሚቆጠር ሙሉ ግፊት ነው፤ ጌጅ የሚያሳየው ግን ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ነው።

የጉለሌ ከፍታ እዚህ ላይ ሕይወትን የሚነካ ጉዳይ ይሆናል። በባሕር ወለል ጌጁ 1.04 ባር ሲያነብ የአየሩ 1.01 ባር ተደምሮ 2.05 ይሞላል፤ በጉለሌ ግን የአየሩ ድርሻ 0.75 ባር ብቻ ስለሆነ ያንኑ ሙቀት ለማግኘት ጌጁ 1.30 ባር ማንበብ አለበት። የውጭውን መመሪያ ተከትሎ ጌጁ 1.04 ላይ ሲደርስ ጊዜ መቁጠር የሚጀምር ሠራተኛ በጋኑ ውስጥ የሚያገኘው 117 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። አራት ዲግሪ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን ለስፖሮች መሞት የሚያስፈልገው ጊዜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዐሥር እጥፍ ስለሚረዝም፣ በ117 ዲግሪ ያንኑ ውጤት ለማግኘት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ጊዜ ይፈለጋል። በከፍታ ላይ በሚሠራ ላቦራቶሪ የግፊት ጌጅ ብቻውን የማይታመነው፣ የሙቀት መለኪያና የሙቀቱን ሂደት የሚጽፍ መዝገብ አብሮት መኖር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

የቦይለር ቤቱና የፈረቃ መዝገቡ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በጉለሌ ሥራ ሲጀምር፣ የዚያ ዘመን ትልልቅ ሆስፒታሎች የሚገነቡበት አሠራር እንፋሎትን ከአንድ ማእከል አመንጭቶ በቧንቧ ወደ ማጽጃ ክፍል፣ ወደ ልብስ ማጠቢያና ወደ ወጥ ቤት የሚያደርስ ነበር። በሰፈሩ ስም የተጠራው የጉለሌ ሳሙና ፋብሪካም የዚሁ የእንፋሎት ዓለም አካል ነው፤ የሳሙና ሥራ ስብንና ዘይትን ከኮስቲክ ሶዳ ጋር በእንፋሎት ሙቀት ማዋሃድ በመሆኑ፣ እንፋሎቱ ሲደክም ድብልቁ ይረጋል፣ ሲበዛ ደግሞ ገንፍሎ ከጋኑ ይወጣል። እንፋሎት በሆስፒታልም በፋብሪካም የሚመረተው በቦይለር ቤት ነው፤ የቦይለር ቤት ሕይወት ደግሞ በፈረቃ መዝገብ ይታያል።

የፈረቃ መዝገብ በየሰዓቱ የሚሞላ የሠንጠረዥ ደብተር ነው። በግራ በኩል ሰዓቱ ይሰፍራል፤ ቀጥሎ የእንፋሎቱ ግፊት፣ የመጋቢው ውኃ ሙቀት፣ የውኃው ከፍታ፣ የጭስ ማውጫው ሙቀት፣ በታንከሩ የቀረው ነዳጅ፣ የታችኛው ቫልቭ ተከፍቶ ዝቃጭ የተወገደበት ጊዜ ይከተላል፤ በመጨረሻም ተረካቢውና አስረካቢው ይፈርማሉ። ጥሩ የቦይለር ኦፕሬተር ይህን ገጽ ሲያነብ ከቁጥሮቹ በስተጀርባ ያለውን ሁኔታ ያያል። የጭስ ማውጫው ሙቀት ለሳምንታት ቀስ በቀስ እየጨመረ ከሄደ በቱቦዎቹ ላይ ጥቀርሻ ወይም የውኃ ዝቃጭ እየተጋገረ መሆኑን፣ ማለዳ ልብስ ማጠቢያው፣ ወጥ ቤቱና የዕቃ ማጽጃው በአንድ ጊዜ ቫልቫቸውን ሲከፍቱ ግፊቱ ለምን እንደሚወርድ ይረዳል። መዝገቡ ግን ሁለት ጉድለቶች አሉበት፤ በሁለት ንባቦች መካከል የሆነውን አያውቅም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የወጣውን እንፋሎት መጠን ራሱን አይለካም።

ልክን ወደ ወረቀት የማምጣት ታሪክ

እንፋሎት ስለ ራሱ እንዲጽፍ የማድረግ ሐሳብ ከጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ጋር የተያያዘ ነው። የዋት ረዳት የነበረው ጆን ሳውዘርን እ.ኤ.አ. በ1796 ገደማ በሞተሩ የግፊት መለኪያ ላይ እርሳስና ተንቀሳቃሽ ሰሌዳ በመጨመሩ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከፒስተኑ ጉዞ ጋር በወረቀት ላይ ሥዕል ሆኖ ወጣ። ያ ሥዕል ለብዙ ዓመታት እንደ ንግድ ምስጢር ተጠበቀ፤ ምክንያቱም ሞተሩ የት ላይ ኃይል እንደሚያባክን የሚያጋልጥ ነበር። ከዚህም የልክ መዝገብ ገና ከልጅነቱ ሀብት ሆኖ እንደተቆጠረ ይታያል።

ቀጥሎ ያስፈለገው የእንፋሎትን ጠባይ በቁጥር ማወቅ ነበር። ፈረንሳዊው ሄንሪ ቪክቶር ረኞ በሀገሩ መንግሥት ትእዛዝ ያካሄደውን ረጅም ምርምር ውጤት እ.ኤ.አ. በ1847 ሲያሳትም፣ በእያንዳንዱ ግፊት የእንፋሎቱ ሙቀትና የያዘው የሙቀት ኃይል ስንት እንደሆነ የሚያሳዩ ሠንጠረዦች መሠረት ያዙ። በ1887 አሜሪካዊው ክሌመንስ ኸርሼል ጠበብ ባለ የቧንቧ ክፍል ውስጥ ፈሳሽ ሲያልፍ የሚከሰተውን የግፊት መቀነስ ለፍሰት መለኪያነት አዋለው። በዚሁ መርህ የሚሠራውና በፋብሪካዎች በሰፊው የተለመደው መለኪያ በመካከሉ ቀዳዳ ያለው ክብ የብረት ሳህን ነው፤ እንፋሎቱ በቀዳዳው ሲጣደፍ ከሳህኑ በፊትና በኋላ የግፊት ልዩነት ይፈጠራል፤ ፍሰቱም ከዚህ ልዩነት ካሬ ሥር ጋር የተመጣጠነ ይሆናል። ይህም ማለት የግፊቱ ልዩነት ወደ ሩብ ሲወርድ ፍሰቱ የወረደው ወደ ግማሽ ብቻ ነው ማለት ሲሆን፣ ፍሰቱ ወደ ዐሥረኛ ሲወርድ ደግሞ የግፊቱ ልዩነት አንድ መቶኛ ብቻ ይቀራል። ሌሊት የእንፋሎት ፈላጊው ሲያንስ መለኪያው የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

ልኩን ያለ ሰው እጅ የመጻፉ ሥራ የተስፋፋው አሜሪካዊው ዊልያም ብሪስቶል በ1889 የግፊት መጻፊያ መሣሪያውን ካቀረበ በኋላ ነው። በሰዓት ሞተር የሚዞር ክብ ወረቀት በ24 ሰዓት አንድ ዙር ሲያጠናቅቅ፣ በቀለም የተሞላ ብዕር ግፊቱን ወይም ፍሰቱን ተከትሎ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እየተንቀሳቀሰ መስመር ያሰምራል። አንድ እንዲህ ያለ ወረቀት ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የቀኑን ሙሉ ታሪክ ያገኝበታል፤ ከንጋት በፊት ለስላሳ የነበረው መስመር ማለዳ ላይ ድንገት ወደ ጠርዙ ይወጣል፣ በምሳ ሰዓት ይረግባል፣ ቫልቭ በችኮላ የተከፈተበት ቅጽበት እንደ መርፌ የሾለ ምልክት ይተዋል፣ መብራት የጠፋበት ሰዓት ደግሞ ወደ መሐል በወደቀ መስመር ይታወቃል። የቀኑን ድምር ለማግኘት ግን አንድ ጸሐፊ ተቀምጦ ከመስመሩ ሥር ያለውን ስፋት ማስላት ነበረበት፤ ስሌቱም ቀኑን ሙሉ ግፊቱ አልተለወጠም ብሎ ስለሚነሣ ግምት ከመሆን አላለፈም።

የፍሰት ኮምፒውተር

ይህን ግምት ወደ ስሌት የለወጠው ከ1970ዎቹ ወዲህ ማይክሮፕሮሰሰር ርካሽ ሲሆን የተስፋፋው የእንፋሎት ፍሰት ኮምፒውተር ነው። መሣሪያው በፓነል ላይ ወይም በግድግዳ የሚገጠም ትንሽ ሣጥን ሲሆን፣ ከቧንቧው ሦስት መረጃዎችን በሽቦ ይቀበላል፤ አንደኛው ከፍሰት መለኪያው፣ ሁለተኛው ከግፊት ሴንሰሩ፣ ሦስተኛው ከሙቀት ሴንሰሩ የሚመጣ ነው። በማህደሩ ውስጥ የእንፋሎት ሠንጠረዡ በቀመር መልክ ተቀምጦለታል፤ ዓለም አቀፍ የውኃና የእንፋሎት ጠባይ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1997 ለኢንዱስትሪ ያጸደቀው ቀመር ለዚህ አገልግሎት መስፈርት ሆኗል። ኮምፒውተሩ በግፊቱና በሙቀቱ መሠረት የእንፋሎቱን እፍጋት፣ ማለትም አንድ ሜትር ኩብ እንፋሎት ስንት ኪሎ ግራም እንደሚመዝን ያሰላል፤ ከዚያም በየሴኮንዱ የሚያልፈውን ክብደትና የተሸከመውን የሙቀት ኃይል አውጥቶ ይደምራል። ድምሩን በየደቂቃው ወይም በየሰዓቱ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በማህደሩ ያስቀምጣል፤ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ንባብ፣ የማስጠንቀቂያ ደወል የጮኸበትን ጊዜ፣ ኃይል የተቋረጠበትንና የተመለሰበትን ቅጽበት ይመዘግባል፤ ሲጠየቅም በመገናኛ መስመር ለማእከላዊ ኮምፒውተር ያስረክባል።

መሣሪያው ይህን ሁሉ ቢያደርግም፣ ሲተከል የሚነገረው አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ስሕተቱ በእያንዳንዱ ንባብ ውስጥ ይቀጥላል። ያ ቁጥር የአካባቢው የአየር ግፊት ነው። የግፊት ሴንሰሩ እንደ ጌጅ ከአየሩ በላይ ያለውን ብቻ የሚለካ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ፍጹም ግፊቱን የሚያገኘው የአየሩን ግፊት በመደመር ነው፤ ከፋብሪካው ሲወጣ የተሞላለት ደግሞ የባሕር ወለሉ 1.013 ባር ነው። ጌጁ 7 ባር በሚያነብበት መስመር ኮምፒውተሩ ፍጹም ግፊቱን 8.01 ባር፣ እፍጋቱን 4.16 ኪሎ ግራም ብሎ ያሰላል፤ የጉለሌው እውነት ግን 7.75 ባርና 4.04 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የእንፋሎቱን ፍጥነት በሚለካ መሣሪያ ላይ ይህ ወደ 3 በመቶ የሚጠጋ ትርፍ ልክ ይሰጣል፤ ቀዳዳ ባለው ሳህን ላይ ደግሞ በካሬ ሥሩ ምክንያት ግማሹን ያህል ይሆናል። ግፊቱ ዝቅ ባለ መስመር ስሕተቱ ይሰፋል፤ በ2 ባር ጌጅ በሚሠራ የልብስ ማጠቢያ መስመር እፍጋቱ 9 በመቶ ያህል ይዛባል። በሰዓት 500 ኪሎ ግራም እንፋሎት በሚወስድ እንዲህ ባለ መስመር ላይ ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ ካለ በስምንት ሰዓት ፈረቃ 360 ኪሎ ግራም ያልነበረ እንፋሎት በመዝገብ ይሰፍራል ማለት ነው። ከአንድ ኪሎ ፈርነስ፣ ማለትም ለቦይለር ከሚነደው ከባድ ጥቁር ነዳጅ፣ 13 ኪሎ ገደማ እንፋሎት ስለሚገኝ፣ የሐሰቱ ልክ በየፈረቃው 28 ኪሎ ግራም ያህል ነዳጅ ይመስላል፤ ቦይለሩ ከእውነቱ ይልቅ ቆጣቢ ሆኖ ይታያል፤ ብክነቱም ሳይታረም ይቀጥላል። መፍትሔው ደግሞ የሚጠይቀው የአንድ ቁጥር መለወጥ ብቻ ነው።

የሰዓትና የወር ጉዳይ

በኢትዮጵያ የመረጃ ምዝገባ ሌላም የራሱ ፈተና አለው። የፈረቃ መዝገቡ የሚጻፈው በኢትዮጵያ ሰዓትና ዘመን አቆጣጠር ሲሆን፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ይሄዳል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ተረኛ በመሣሪያው ላይ የሚያየው 18፡00 እና 06፡00 ነው፤ መሣሪያው የቀኑን ድምር የሚዘጋው በ00፡00 በመሆኑ የአንዱ ሌሊት ሥራ ከእኩለ ሌሊት ላይ ለሁለት ቀን ይከፈላል። ወሩም እንዲሁ ነው፤ የጃንዩወሪ ድምር ሲዘጋ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 22 ወይም 23 ሲሆን፣ የነዳጅ ግዢው የሚወራረደው ግን በጥር 30 ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ሲጀምር በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ስለሚሆን፣ የዓመቱ የእንፋሎትና የነዳጅ ስሌት በወር ድምር ከተነጻጸረ ፈጽሞ አይገጥምም። ይህን የሚፈታው የወር ድምሩን ትቶ የሰዓቱን ንባብ ከማህደር ማውጣትና በኢትዮጵያ ወር ዳግም መደመር ነው፤ ጳጉሜንም በየትኛው ወር እንደምትቆጠር አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

የኃይል መቆራረጥም መዝገቡን ይፈትናል። መብራት ሲጠፋ የቦይለሩ ማቃጠያ ይቆማል፤ ነገር ግን በጋኑና በዋናው ቧንቧ የተከማቸው እንፋሎት ለተወሰነ ጊዜ መፍሰሱን ይቀጥላል። ኮምፒውተሩ የራሱ ባትሪ ከሌለው ያ እንፋሎት ሳይቆጠር ይሄዳል፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ ያልተለካው ጊዜ በዜሮ ተሞልቶ ሲቀመጥ ነው። ዜሮ ማለት እንፋሎት አልፈሰሰም የሚል ምስክርነት ነው፤ ባዶ ስፍራ ማለት ግን ምስክር አልነበረም ማለት ነው። ሁለቱን የማይለይ መዝገብ ለታሪክም ለሒሳብም አይታመንም።

የእንፋሎት መዝገብ ለሀገር

የዚህ እውቀት ፋይዳ ከጉለሌ ወሰን ያልፋል። በአሉቶ ላንጋኖ የከርሰ ምድር እንፋሎት ለማውጣት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስምንት ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ 7 ሜጋ ዋት ገደማ አቅም ያለው የመጀመሪያው የሀገሪቱ የከርሰ ምድር ኃይል ማመንጫ ተተከለ። የእንዲህ ዓይነቱ ጉድጓድ ጤንነት የሚታወቀው እንፋሎቱ ከዓመት ዓመት በምን ያህል እንደቀነሰ በተከታታይ መዝገብ ሲታይ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው የረጲ የደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫም እያንዳንዳቸው 25 ሜጋ ዋት የሆኑ ሁለት ተርባይኖችን የሚያዞረው ቆሻሻ በማቃጠል በሚገኝ እንፋሎት ነው። የነዳጁ ጠባይ ከቀን ቀን በሚለዋወጥበት በዚህ ዓይነቱ ተቋም ከአንድ ቶን ቆሻሻ ስንት ኪሎ እንፋሎት እንደተገኘ የሚነግረው የፍሰት መዝገቡ ነው። በፍል ውኃው ዳር ሳይለካ የተጀመረው የከተማይቱ የእንፋሎት ታሪክ በረጲ ላይ በየደቂቃው ወደሚለካበት ዘመን ደርሷል።

ይሁን እንጂ ያለፈው መዝገብ እየጠፋ ነው። በየሆስፒታሉና በየፋብሪካው የቦይለር ቤት የተከማቹ የፈረቃ ደብተሮችና ክብ ወረቀቶች አዲስ መሣሪያ ሲገባ እንደ አሮጌ ወረቀት ይጣላሉ፤ የኮምፒውተሩም ማህደር ሲሞላ አሮጌው ንባብ በአዲሱ ይተካል። አንድ የፈረቃ ደብተር ግን የነዳጅ እጥረት የነበረበትን ወር፣ ወረርሽኝ ገብቶ የዕቃ ማጽጃው ሌሊትና ቀን የሠራበትን ሳምንት፣ የሠራተኛውን ትጋትና የመሣሪያውን እርጅና ባልተቀባ ቋንቋ የሚናገር የታሪክ ሰነድ ነው። ነገሥታቱ የጻፏቸውን ደብዳቤዎች የሚያስቀምጥ ሀገር የሠራተኞቹን የልክ መዝገብ የሚንቅበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ በጉለሌም ሆነ በሌላው የሀገሪቱ ከፍተኛ ስፍራ እንፋሎት የሚያመነጩ ተቋማት ሦስት ነገሮችን ቢያደርጉ ይገባቸዋል። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ፍሰት ኮምፒውተርና አውቶክላቭ ላይ የባሕር ወለሉን ሳይሆን የቦታውን የአየር ግፊት ይሙሉ፣ ሴንሰሮቻቸውንም በየጊዜው በታወቀ የሥነ ልክ ተቋም ያስፈትሹ። ሁለተኛ፣ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከፍታውን፣ የአየሩን ግፊት፣ የመለኪያውን ዓይነትና ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፉ፤ ያለዚህ ማስታወሻ የተቀመጠ ቁጥር ከ20 ዓመት በኋላ የሚያነበው አይኖርም። ሦስተኛ፣ የቆዩትን ደብተሮችና ክብ ወረቀቶች ከመጣላቸው በፊት ለቤተ መዛግብት ወይም ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ያስረክቡ። የቦይለር ኦፕሬተሩ በየሰዓቱ ተነሥቶ፣ አንብቦ፣ ጽፎና ፈርሞ ያለፈው ሥራ ከከተማይቱ ታሪክ ጋር ሊቀመጥ የሚገባው ነው።